ዋናው ዲስክ እንዳይነካ

አንድ ሰው በሰባ አራት ዓመቱ ሐሳቡን ለወጥሁ ሲል ምስክር መቁጠር አለበት ብዬ አምናለሁ። የእኔ ምስክሮች ሁለት ናቸው። አንዷ ሳሪስ ትኖራለች፤ ሌላው ከቤቴ በእግር ሰባት ደቂቃ ይርቃል። በዚህ ጽሑፍ ያጋነንሁት ነገር ካለ ሁለቱም በሕይወት ስላሉ ሊያርሙኝ ይችላሉ።

አስቀድሜ ያን ጊዜ የነበርሁትን ሰው ላስተዋውቃችሁ። ትምህርቴ የሜካኒካል ምሕንድስና ነው፤ ዩኒቨርሲቲ የገባሁት ንድፍ በእርሳስና በማስመሪያ በሚሠራበት ዘመን ነበር። ከተመረቅሁበት ዓመት ጀምሮ አቃቂ ውስጥ፣ ከአሮጌው የባቡር ሐዲድ ብዙም በማይርቅ፣ ለዱቄት ፋብሪካዎችና ለወፍጮ ቤቶች መለዋወጫ በሚሠራ ወርክሾፕ የንድፍ ክፍል ኖሬአለሁ። ጡረታ ወጥቼም አልወጣሁም፤ ባለቤቶቹ የንድፍ መዛግብቱን እንድጠብቅ ስለ ጠየቁኝ በየቀኑ እገባ ነበር። ሠራተኞቹ በሌለሁበት «ሚሊሜትር» ብለው እንደሚጠሩኝ አውቃለሁ። በስሙ አልተከፋሁም።

በእኛ ክፍል አንድ ደንብ ነበረ። የመጀመሪያው ንድፍ፣ እኛ «ዋናው» የምንለው፣ በምንም ምክንያት አይፋቅም፣ አይሰረዝም። አንድ ልክ መታረም ካለበት በዋናው ላይ ብርሃን የሚያሳልፍ ስስ ወረቀት ይነጠፍና እርማቱ በዚያ ላይ በቀይ እርሳስ ይሠራል። በየዓመቱም እንቁጣጣሽ ባለፈ በሳምንቱ ዋናዎቹን ከብረት ሣጥን አውጥቼ እመረምራለሁ፤ በመዝገቤም «ታይቷል፣ ደህና ነው» ብዬ እፈርማለሁ። ይህን ደንብ ያወጣሁት እኔ ነኝ።

ትልቁ እርማት የመጣው ከሽፈራው ነው። ሽፈራው የቶርኖ ባለሙያ ነው፤ ብረት እየሞረደና እየላገ እኔ ከወረቀት ጋር የኖርሁትን ያህል ኖሯል። ስምንተኛ ክፍልን አልጨረሰም። ፊት ለፊት «ሚሊሜትር» ብሎ የሚጠራኝ ሰው እርሱ ብቻ ነው። ከጥቂት ዓመታት በፊት አንድ ቀን ወደ ክፍሌ ገብቶ፣ «የአንተ ንድፍ አርባ ይላል። እኔ ግን ሠላሳ ዘጠኝ ነጥብ ዘጠኝ ስድስት ነው የማወጣው። ዘንጉ ሲሞቅ ያብጣላ፤ አርባ ካደረግኸው በሁለተኛው ቀን ግጥም ብሎ ይቀራል» አለኝ።

«ከመቼ ጀምሮ ነው እንዲህ የምታወጣው?»

«ከመጀመሪያው።»

«ለምን አልነገርኸኝም?»

«ጠይቀኸኝ ታውቃለህ?»

በዚያው ሰሞን ዓይኑ መድከም ጀመረ። ሐኪሞቹ የዓይን ነርቭ ነው፣ የሄደው አይመለስም አሉት። እኔም የቀረው ዓይኑ ሳይከዳው በእጁና በጭንቅላቱ ያለውን ልክ ሁሉ ለመሰብሰብ ተነሣሁ። ሦስት ዓመት ፈጀብን። እርሱ ብረቱን በካሊፐር እየለካ ይናገራል፤ እኔ በኮምፒውተሩ ንድፍ ላይ አስገባለሁ። በጠቅላላው ስድስት መቶ አርባ ሁለት ንድፍ አረምን። በሦስተኛው ዓመት መጨረሻ ሽፈራው የካሊፐሩን ቁጥር ማንበብ አልቻለም።

እንግዲህ ስለ ኮምፒውተሩ ልናገር። የንድፍ ፕሮግራማችን አሮጌ ስለሆነ በአዳዲስ ኮምፒውተሮች ላይ አይሠራም። የወርክሾፑን ኮምፒውተሮች የምትይዘው ሰላማዊት አሮጌዎቹ ማሽኖች ሲሞቱ መፍትሔ አበጀች፤ በአዲሱ ሰርቨር ውስጥ፣ በሶፍትዌር ብቻ የቆመ አንድ አሮጌ ኮምፒውተር ሠራችልን። ቨርቹዋል ማሽን ይሉታል። አካል የለውም፤ ዲስኩም ሰርቨሩ ላይ እንደ አንድ ትልቅ ፋይል ሆኖ ይቀመጣል። ዋናዎቹን ንድፎች በሙሉ በዚያ ዲስክ ላይ አሰፈርናቸው።

ደንቤን ስነግራት ሳቀች። «ይሄማ አለ ጋሼ። ስናፕሾት ይባላል። ዋናው ዲስክ ባለበት ይቆማል፤ ከዚያ በኋላ የሚለወጠው ሁሉ ከላዩ በሚነጠፍ ሌላ ፋይል ላይ ይጻፋል። ልክ እንደ ስስ ወረቀትዎ።»

«እንግዲያው እንዲህ ይደረግ።»

«ይደረጋል፤ ግን ይሄ ለቀናት እንጂ ለዓመታት አይደለም። ቆይቶ ከዋናው ጋር መዋሃድ አለበት። አለዚያ እያበጠ ይሄዳል።»

መልሴን በደብዳቤ ሰጠኋት። «ዋናው ዲስክ በማናቸውም ምክንያት እንዳይነካ» የሚል፣ ፊርማዬና ማኅተም ያለበት ወረቀት በሰርቨሩ ክፍል በር ላይ ተለጠፈ። በየዓመቱ አንድ አዲስ ሽፋን እየተነጠፈ በዋናው ላይ ሦስት ሽፋን ተደራረበ። ሰላማዊት ለሽፋኖቹ መጠባበቂያ የሚሆን ሌላ ዲስክ እንዲፈቀድላት ሁለት ጊዜ ጠየቀችኝ፤ ሁለቱንም ጊዜ «ዋናው ተገልብጦ በብረት ሣጥን ውስጥ አለ» ብዬ መለስኋት። የሽፈራውን ልኮችም በመዝገቤ አልጻፍሁም። ቀኑን፣ ሰዓቱንና የንድፉን ቁጥር ብቻ ነው የጻፍሁት። አንድ ልክ በሁለት ቦታ ከተጻፈ አንድ ቀን ሁለቱ ይለያያሉ፤ ይህ የመጀመሪያ ዓመት ትምህርት ነው። ስለዚህ የሦስት ዓመት ሥራችን በሙሉ ያለው በእነዚያ ሦስት ሽፋኖች ላይ ብቻ ነበር። ይህን በጊዜው አላሰብሁትም።

ያለፈው እንቁጣጣሽ ካለፈ በኋላ በማክሰኞ ቀን ሰላማዊት ልጆቿን ትምህርት ቤት ልታስገባ ፈቃድ ወሰደች። የምርመራው ቀን ደርሶ ነበር። ቀን ማሳለፍ አልወድም። እርሷ ስታደርግ አይቼ ስለነበር ዋናውን ዲስክ ለብቻው በሌላ ባዶ ማሽን ላይ ሰክቼ አስነሣሁት። ንድፎቹ አንድ በአንድ እንዳሉ አየሁ፤ ዘጋሁ፤ «ታይቷል፣ ደህና ነው» ብዬ ፈረምሁ።

ረቡዕ ጠዋት የሥራ ማሽናችን አልነሣም አለ። ሰላማዊት ማያው ላይ የወጣውን መልእክት ሁለት ጊዜ አነበበችው። ሽፈራው እንደ ልማዱ ለሻይ መጥቶ በሩ አጠገብ ባለው በርጩማ ላይ ተቀምጧል።

«ጋሼ፣ ትናንት እዚህ ማን ገብቶ ነበር?»

«እኔ።»

«ምን ከፈቱ?»

«ዋናውን ዲስክ። የዓመቱን ምርመራ አደረግሁ። ምንም አልነካሁም፤ አይቼ ዘጋሁት።»

«ለብቻው ነው የከፈቱት? ያለ ሦስቱ ሽፋኖች?»

«ዋናውን ለማየት ዋናው ነው የሚከፈተው።»

ግንባሯን በመዳፏ ያዘች። «ካቻምናና አምና እኔ ያሳየሁዎት እኮ ለጊዜው ገልብጬ በኋላ ያጠፋሁትን ቅጂ ነበር።»

«ለምን አልነገርሽኝም?»

«ብነግርዎት ቅጂ አላይም ይሉኝ ነበራ።»

እውነቷን ነው፤ አላይም እል ነበር።

ከዚያም ለትንሽ ልጅ እንደሚነገር ቀስ ብላ አስረዳችኝ። ማሽን ሲነሣ ዝም ብሎ አይነሣም፤ የተነሣበትን ሰዓት ይጽፋል፣ የገባውን ሰው ይጽፋል፣ ሲዘጋም ይጽፋል። እኔ አየሁ ያልሁት ዲስክ በብዙ ቦታ ተለውጧል። በሌላ በኩል እያንዳንዱ ሽፋን ከበታቹ ያለውን የወላጁን መለያ ቁጥር ይዞ ይኖራል። ዋናው ሲለወጥ ቁጥሩም ተለወጠ፤ የመጀመሪያው ሽፋን ደግሞ የሚያውቀው የድሮውን ቁጥር ነው። ስለዚህ «ይሄ ወላጄ አይደለም» ብሎ ቆመ።

«ሽፋኖቹስ?» አልኋት።

«አሉ። ግን ለብቻቸው ትርጉም የላቸውም። የተለወጠውን ቦታ ብቻ ነው የያዙት። ከስር ንድፍ የሌለው ስስ ወረቀት ያስቡ፤ ቀይ ጭረት ብቻ።»

«ቁጥሩን ማስተካከል አይቻልም?»

«ቁጥሩን በእጄ ቀይሬ ላታልለው እችላለሁ። ግን ወረቀቱን ትንሽ በተንቀሳቀሰ ንድፍ ላይ መልሶ እንደ ማንጠፍ ነው። ሊነሣ ይችላል፤ አንዱ ልክ ሌላ ቦታ ላይ ቢያርፍ ግን በምን እናውቃለን?»

ሽፈራው ከበርጩማው፣ «ምንድን ነው የጠፋው?» አለ።

ነገርሁት። ስድስት መቶ አርባ ሁለቱም አልሁት። ሻዩን ሳይጠጣ መሬት ላይ አስቀመጠው።

«እንደገና እነግርሃለሁ እንዳልል፣ እኔ ቁጥሩን ሳየው እንጂ በቃሌ አላውቀውም። በቃሌ የማውቃት ያቺን አንዷን ዘንግ ብቻ ነው» አለ። ቀጥሎም ወደ እኔ ዞሮ፣ «ግን ሚሊሜትር፣ አንድ ጊዜ እንኳ ተሳሳትህ ማለት ነው? ይህን ሳልሰማ ባለመሞቴ ተመስገን» አለ። ሰላማዊት ሳቋ አመለጣት። እኔ አልሳቅሁም፤ ወንበር ስቤ ተቀመጥሁ።

ሰላማዊት ማንኛውንም ነገር ከመሞከራችን በፊት አራቱም ፋይሎች ባሉበት ሁኔታ ይገልበጡ አለች። ቦታ ያለው ዲስክ አልነበረንም። ታክሲ ተሳፍራ ሳሪስ ሄዳ የቤቷን ሃርድ ዲስክ ይዛ መጣች።

«ምን አለበት?» አልኋት።

«የልጆቼ ካርቱን። አሁን አጠፋዋለሁ። ምን እንደምላቸው እንጃ።»

«እኔን ስጪያቸው» አልኋት።

«እርስዎን ቢያዩ ይብስባቸዋል ጋሼ።»

መገልበጡ እስከ ሥራ መውጫ ቆየ። እኔም ማያው ላይ የሚጓዘውን መስመር ከማየት በቀር የምሠራው ነገር አልነበረኝም። ዕድሜዬን በሙሉ ሌሎች ሰዎች የእኔን ምርመራ ሲጠብቁ ኖረዋል፤ ያን ቀን እኔ ጠበቅሁ።

ሌሊቱን አንድ ነገር ትዝ ስላለኝ ሐሙስ ጠዋት ከሁሉም ቀድሜ ገባሁ። የብረት ሣጥኑን ከፍቼ ዋናው ዲስክ በመጀመሪያው ዓመት የተገለበጠበትን ሃርድ ዲስክ አወጣሁ። በቡናማ ፖስታ ተደርጎ፣ መዝጊያው ላይ ፊርማዬ ያረፈበት፣ ከዚያ ወዲህ ያልተከፈተ ነው። ሰላማዊት ስትገባ ጠረጴዛዋ ላይ አስቀመጥሁላት።

ዓይኗ በራ። ወዲያው ግን ተጠራጠረች። «ይሄ የተገለበጠው ዋናው ከመቆሙ በፊት ነው ወይስ በኋላ? ጋሼ፣ ነገሩ ሁሉ ያለው እዚህ ላይ ነው። በፊት ከሆነና ማሽኑ በመካከሉ ለአንድ ደቂቃ እንኳ ከሠራ፣ ይሄም ሌላ ወላጅ ነው።»

«አታስታውሺም?»

«ሦስት ዓመት ሆነው እኮ።»

እኔም አላስታውስም ነበር። መዝገቡን ግን ይዣለሁ። ገጹን ፈልጌ ጮክ ብዬ አነበብሁላት። «ከረፋዱ ሦስት ሰዓት ከሠላሳ፤ ቅጂ ተደረገ። አራት ሰዓት ከሃያ፤ ዋናው ዲስክ እንዲቆም ተደረገ። ቅጂው ዋናው ከመቆሙ በፊት የተሠራ ስለሆነ...» እዚህ ላይ ገጹ አለቀ። ሰላማዊት ፊቷ ጠቆረ። ገጹን ገለጥሁት። «...ተቀባይነት የለውም፤ ተሰርዟል። አምስት ሰዓት ከአምስት፤ ሁለተኛ ቅጂ ተደረገ። ፖስታው ታሸገ።»

«አዎ!» ብላ ብድግ አለች። «ሁለቴ አስገልብጠውኛል። አሁን ትዝ አለኝ። ምሳዬን ሳልበላ። ቤት ገብቼ ለባለቤቴ ስንት ነገር እንዳልሁልዎት ቢያውቁ።»

«ምን አልሽ?»

«ይቅር። ዛሬ ሁሉንም አንስቻለሁ።»

ፖስታውን በመቀስ ቀደደችው። ዲስኩ ሲሰካ መጀመሪያ ድምፅ አልሰጠም። ገመዱን ቀየረች። እንደገና ዝም። ሦስት ዓመት በብረት ሣጥን የተቀመጠ ዲስክ ላይነሣ እንደሚችል የነገረችኝ በኋላ ነው፤ በዚያች ደቂቃ አልነገረችኝም። ሽፈራው በበርጩማው ላይ አንገቱን ዘንበል አድርጎ ያዳምጥ ነበር። «ዞረ» አለ።

እኛ ምንም አልሰማንም። ከጥቂት ሰከንድ በኋላ ግን መብራቱ ብልጭ አለ። ሃምሳ ዓመት የሚዞር ብረት ያዳመጠ ጆሮ ነው።

የተለወጠው ዋና ተነሥቶ በስፍራው አሮጌው ቅጂ ገባ። ሰላማዊት የቅጂውን መለያ ቁጥርና የመጀመሪያው ሽፋን የያዘውን የወላጅ ቁጥር ጎን ለጎን ከፈተች። ፊደልና አኃዝ የተቀላቀለበት ስምንት ምልክት ነው። እርሷ አንዱን ታነባለች፤ እኔ ሌላውን በጣቴ እከተላለሁ። ስምንቱም አንድ ሆኑ። ከዚያም ማሽኑን አስነሣችው፤ ተነሣ።

«ጋሽ ሽፈራው፣ ያቺን በቃልዎ የሚያውቋትን ዘንግ ይጥሩልኝ» አለች።

«ሠላሳ ዘጠኝ ነጥብ ዘጠኝ ስድስት።»

ንድፉን ከፈተች። እኔ ነኝ ጮክ ብዬ ያነበብሁት። ሠላሳ ዘጠኝ ነጥብ ዘጠኝ ስድስት። ከዚያ በኋላ የሆነውን ምስክሮቼ እንዳያወሩት እኔው ልናዘዝ፤ ሰላማዊትን አቀፍኋት፤ ሽፈራውንም አቀፍሁት፤ ሻዩም በመዝገቤ ላይ ፈሰሰ። እድፉ እስከ ዛሬ አለ። «ታይቷል፣ ደህና ነው» ከሚለው ፊርማዬ አጠገብ ነው፤ እንዲጠፋም አልፈልግም።

ታሪኩ እዚህ ላይ ቢያልቅ ኖሮ «ጥንቃቄዬ አዳነን» ብዬ እንደ ቀድሞው በኖርሁ ነበር። ዓርብ ጠዋት ግን ሰላማዊት ደረቅ ጥያቄ ይዛ መጣች። ሽፋኖቹ ይዋሃዱ፤ እርማቶቹ ሁሉ ወደ ዋናው ይግቡና አንድ ዲስክ ይሁን። አለዚያ ነገም ይኸው ነው አለችኝ።

«ሲዋሃድ የድሮው ዋና ይጠፋል» አልኋት።

«ቅጂው በፖስታ ይቀመጥልዎታል። የሚሠራበት ግን አንድ ይሁን።»

እስክሪብቶውን መልሼ ኪሴ ከተትሁ። ሽፈራው ነው የተናገረው።

«ሚሊሜትር፣ ዋናው እኮ ስሕተት ነው። አርባ ይላል። ይሄን ሁሉ ዘመን ወፍጮዎቹ የዞሩት እኔ ባወጣሁት ልክ ነው። ታዲያ አንተ ስሕተቱን ነው በብረት ሣጥን ቆልፈህ የምትጠብቀው?»

በቁጣ ቢናገረኝ መልስ አላጣም ነበር። እየሳቀ ስለተናገረ ግን ማሰብ ግድ ሆነብኝ። በእኔ ልክ የተሠራ አንድም ዘንግ በዚህ አገር አንድም ቀን አልዞረም። ብረቱ ሁልጊዜ የእርሱ ነበር፤ የእኔ ወረቀቱ ብቻ ነው።

ከበሩ ላይ ማኅተም ያለበትን ወረቀቴን ላጥሁትና ጀርባው ላይ «ይዋሃድ» ብዬ ጽፌ ፈረምሁ።

ውህደቱ አራት ሰዓት ያህል ፈጀ። እየጠበቅን ከግቢው ፊት ለፊት ካለችው ምግብ ቤት ሽሮ በላን፤ ሰላማዊት ስልኳን በየደቂቃው ታያለች፤ ሽፈራው ደግሞ ሐሙስ ያለቀስሁትን ለአስተናጋጇ ይተርክላታል። አላለቀስሁም፤ ዓይኔ አቅርሮ ነበር፤ ልዩነቱን አስረዳሁ፤ ማንም አልሰማኝም።

ስንመለስ ዲስኩ አንድ ሆኖ ጠበቀን፤ ንድፎቹም ከድሮው ፈጥነው ይከፈታሉ። እኔም የተጠየቅሁትን የመጠባበቂያ ዲስክ ፈቀድሁ። ሰላማዊት በዚያው የለውጥ መከታተያውን አበራችው። በዲስኩ ላይ የተለወጠችውን እያንዳንዷን ቦታ ምልክት ያደርጋል፤ መጠባበቂያው ሲሠራ ሁሉንም ሳይሆን ያችን ብቻ ይገለብጣል። ደስ አለኝ፤ የእኔን መዝገብ የሚመስል ነገር ነው።

«ማን እንደ ለወጠውስ ይጽፋል?» አልኋት።

«እሱን አይጽፍም። የት እንደተለወጠ ብቻ ነው የሚያውቀው።»

ይህ መልስ ወዲያው ሌላ ሥራ ሰጠኝ። በእያንዳንዱ ንድፍ ግርጌ የስም ሠንጠረዥ አለ። እዚያ የነበረው የእኔ ስም ብቻ ነው፤ የሽፈራው ስም በቀይ እርሳስ ዘመንም ቢሆን በአንድ ወረቀት ላይ ሰፍሮ አያውቅም። ትምህርቱን ያልጨረሰ ሰው በንድፍ ላይ አይፈርምም የሚል ሌላ ደንብ ስለነበረኝ ነው። ያንንም ያወጣሁት እኔ ነበርሁ። ከዚያ ዓርብ ጀምሮ በየቀኑ ሃያ ንድፍ እየከፈትሁ፣ ከስሜ በታች «ልኩን ያረመ» የሚል መስመርና ስሙን አስገባሁ። ስድስት መቶ አርባ ሁለቱንም።

ይህን የምታነቡ ሁሉ፣ በተለይም እንደ እኔ ዋናውን በመጠበቅ ዕድሜያችሁን ያሳለፋችሁ፣ ጥንቃቄን ተዉ እያልኋችሁ አይደለም። ያን ሐሙስ ያዳነን ሁለተኛው ቅጂ ነው፤ ዛሬም አንድን ነገር ሁለት ጊዜ አስገለብጣለሁ። ነገር ግን የምትጠብቁትን ከመቆለፋችሁ በፊት ሥራው በየትኛው እየተሠራ እንደሆነ እዩ። የተሻለውን ልክ የሚያውቀው ሰው በርጩማ ላይ ተቀምጦ ሻይ እየጠጣ ሊሆን ይችላል፤ እስክትጠይቁት ድረስ ላይነግራችሁም ይችላል።

ሥራው ያለቀ ዕለት የዚያችን ዘንግ ንድፍ በትልቅ ወረቀት አሳትሜ ለሽፈራው ቤቱ ወሰድሁለት። ማንበብ ስለማይችል ጣቱን ይዤ ስሙ የተጻፈበት ቦታ ላይ አኖርሁት። ከዚህ እስከዚህ የአንተ ነው አልሁት። ጣቱን ከፊደሉ መጀመሪያ እስከ መጨረሻ ሁለት ጊዜ አመላለሰው።

«ስንት ይሆናል ርዝመቱ?» አለኝ።

ካሊፐሩን ከኪሴ አውጥቼ ለካሁ። «ሃያ አንድ ነጥብ አራት።»

ጥቂት አሰበና ራሱን ነቀነቀ። «ተወው፤ ልክ ነው። ይህቺን አላርምህም።»